የቀበሌ ቤት ግድግዳ ሲያብጥ ማደስ የማን ነው?

ጥያቄው የመጣው ከደሴ ነው። እንዲህ ይላል፦

«እናቴ የምትኖረው ሳላይሽ አካባቢ በቀበሌ ቤት ውስጥ ነው። ከገባች አርባ ዓመት አልፏታል። በወር 12 ብር ትከፍላለች። ቤቱ የጭቃ ነው። ባለፈው ክረምት የጓሮው ግድግዳ ወደ ውጭ አበጠ። ጣሪያውም ያፈሳል። ቢሮ ሄደን ስንጠይቅ በጀት የለም፣ ራሳችሁ አድሱት አሉን። ጎረቤቶች ደግሞ ሳይፈቀድላችሁ ከነካችሁት ቤቱን ትነጠቃላችሁ ይሉናል። ማደስ ያለበት ማነው? እኛ ካደስነውስ ገንዘባችን ይመለሳል? አሁን ግንቦት ነው፤ ክረምቱ ሳይገባ መልስ እፈልጋለሁ።»

እህቴ፣ ወደ ሕጉ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅዎ። እናትዎ ማታ የሚተኙት የት ነው? አልጋቸው ካበጠው ግድግዳ ሥር ከሆነ ዛሬውኑ ወደ ሌላው ጥግ ያዙሩት። ከዚያ ግድግዳውን በቀን ብርሃን ይዩት። በር ወይም መስኮት በድንገት አልዘጋ ካለ፣ ጣሪያው በአንድ በኩል ከሰመጠ፣ ሌሊት እንጨት ሲሰነጠቅ የሚሰማ ከሆነ እናትዎ እዚያ ቤት አይደሩ። ጓሮው ተዳፋት ከሆነ ደግሞ መሬቱን ይዩት። በመሬቱ ላይ አዲስ ስንጥቅ ካለ ወይም አጥሩና ዛፉ ወደ ታች ዘንበል ማለት ከጀመሩ ችግሩ ከቤቱም አልፏል። ደሴ የመሬት መንሸራተት የሚያውቃት ከተማ ናት። እንዲህ ያለ ነገር ካዩ ማመልከቻ እስኪጻፍ አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን ለቀበሌው ያሳውቁ።

ይህ ከሌለ ተረጋግተን እንነጋገር። እኔ የግንባታ ባለሙያ ነኝ። በደሴና በኮምቦልቻ የቀበሌ ቤቶችን ጉዳት እየዞርኩ በመመዝገብ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ሕጉን የተማርኩት እዚያው ሥራ ላይ ነው። ውላቸውን በፌስታል ጠቅልለው የሚመጡ እናቶች ብዙ ነበሩ።

መጀመሪያ አከራይዎ ማን እንደሆነ ግልጽ ይሁን። ከሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በኋላ፣ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ባደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967፣ ትርፍ ቤቶች ከባለቤቶቻቸው ተወሰዱ። ኪራያቸው በወር እስከ 100 ብር የነበረው ለቀበሌ ተሰጠ። ከዚያ በላይ የነበሩት የኪራይ ቤቶች ድርጅት ሆኑ። አዋጁ ኪራዩንም ቀነሰ። እንደ ቤቱ ዋጋ ቅናሹ ከ15 እስከ 50 በመቶ ነበር፤ ትልቁ ቅናሽ የደረሰው ርካሽ ቤት ለያዘው ሰው ነው። የእናትዎ 12 ብር ከዚያ ዘመን የወረደ ሂሳብ ነው። መንግሥት አከራይም ደጋፊም ሆነ ማለት ነው። ኪራዩ ለድሀው ቀለለ፤ ቤቱን የሚጠግን ገንዘብ ግን ከዚያ ኪራይ አይወጣም። 12 ብር በዓመት 144 ብር ነው። በ144 ብር ዛሬ አንድ ቆርቆሮ አይገዛም።

ስለዚህ «በጀት የለም» ያለዎት ሰው ዋሽቶ ላይሆን ይችላል። ነገር ግን በጀት አለመኖርና ግዴታ አለመኖር ለየቅል ናቸው። ይህን እንዲይዙልኝ እፈልጋለሁ። ኪራዩ ስላነሰ አከራይ አከራይነቱ አይቀርም። እናትዎም 12 ብር ስለሚከፍሉ ውለታ የተዋለላቸው እንግዳ አይደሉም። ውል ያላቸው ተከራይ ናቸው።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 2896 ጀምሮ ስለማይንቀሳቀስ ንብረት ኪራይ፣ ከ2945 ጀምሮ ደግሞ ስለ ቤት ኪራይ ለብቻው ይናገራል። ነገሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። አከራይ ቤቱን ለመኖሪያ በሚሆን ሁኔታ ያስረክባል፤ እንደዚያ ሆኖ እንዲቆይም ያደርጋል። ተከራይ ቤቱን በጥንቃቄ ይይዛል፣ ኪራዩን በጊዜው ይከፍላል፣ ሲኖርበት የሚበላሹትን ጥቃቅን ነገሮች ያስተካክላል። የበር ቁልፍ፣ የመስኮት መስታወት፣ የቧንቧ መክፈቻ፣ የተቦረቦረ ወለል የዚህ ዓይነት ናቸው። እነዚህም ቢሆኑ የተበላሹት ከእርጅና ወይም ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ከሆነ በተከራይ ላይ አይወድቁም።

ቋሚ፣ ግድግዳ፣ ጣሪያ፣ መሠረት ግን የቤቱ አካል ናቸው። የአከራይ ናቸው። የእናትዎ ግድግዳ ያበጠው ሰው ገፍቶት አይደለም። አርባ ዓመት ዝናብ የጠጣ እንጨት በስብሶ ነው። ስለዚህ ማደስ ያለበት ማነው ላሉኝ፣ ግድግዳውንም ጣሪያውንም ማደስ ያለበት ባለቤቱ ነው። አልጠራጠርም።

ይሁን እንጂ ውሉን አውጥተው ያንብቡት። አንዳንድ ውል ላይ «ጥገና በተከራይ ይሸፈናል» የሚል መስመር አለ። ክልሉም የመንግሥት ቤቶችን የሚያስተዳድርበት መመሪያ አለው፤ ቢሮው ያንን እንዲያሳይዎ መጠየቅ ይችላሉ። ውሉ እጅዎ ላይ ከሌለ ግልባጭ ይጠይቁ። በ2014ቱ ጦርነት በደሴም በኮምቦልቻም ሰነድ የጠፋባቸው መሥሪያ ቤቶች አሉ። እናትዎ የድሮ ውልና የኪራይ ደረሰኝ በሣጥን ካስቀመጡ እንደ ወርቅ ይያዙት። በስልክዎም ፎቶ ያንሱት።

አሁን ወደ ጎረቤቶቹ ወሬ ልምጣ። እነሱም ከባዶ አልተነሱም። ተከራይ ያለ ፈቃድ የቤቱን ቅርጽ ከለወጠ፣ ክፍል ከቀጠለ፣ ጭቃውን አፍርሶ በብሎኬት ከሠራ ችግር ውስጥ ይገባል። ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ ቤተሰብ አውቃለሁ። እንደ እናንተው «ራሳችሁ አድሱት» ተባሉ። በቃል ነው የተባሉት። ልጆቻቸው ከውጭ ገንዘብ ላኩ። የፈረሰውን የጭቃ ግድግዳ በብሎኬት ሠሩት፤ ሲሠሩም ቤቱን ግማሽ ሜትር አሰፉት። የቢሮው ባለሙያ ተቀየረ። አዲሱ መጣና «ይህ ጥገና ሳይሆን ሕገወጥ ግንባታ ነው» አላቸው። የነገራቸው ሰው አልተገኘም። ሁለት ዓመት ፋይላቸው ታስሮ ተቀመጠ። የሰው ደግነት በቃል ሲቀር እንዲህ ይጎዳል። ያን ቤት ባሰብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል። አንዲት መስመር ወረቀት ብትኖራቸው ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

እናንተም «ራሳችሁ አድሱት» የተባላችሁትን በወረቀት አድርጉት።

ማመልከቻው ረጅም መሆን የለበትም። የእናትዎ ስም፣ የቤት ቁጥር፣ የጉዳቱ ዓይነት፣ ያዩበት ቀን ይበቃል። ከዚያ ሁለት ነገር ይጠይቁ። ባለሙያ መጥቶ ጉዳቱን እንዲመዘግብ አንድ። ቤቱ በመንግሥት እንዲጠገን፣ በጀት ከሌለ ደግሞ በነበረበት መጠንና በነበረበት ዓይነት እንድንጠግን ፈቃድ ይሰጠን ብለው ሁለት። «በነበረበት መጠንና በነበረበት ዓይነት» የምትለውን አይርሷት። ብዙ ፋይል የምታድን ሐረግ ናት። በሁለት ቅጂ ይጻፉ፤ መዝገብ ቤት ገቢ ያድርጉትና በእርስዎ ቅጂ ላይ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ያስደርጉ። የጉዳቱን ፎቶ ያያይዙ። ግድግዳውን በቅርብ ብቻ አያንሱት፤ ከቤቱ ጋር አንድ ላይ የሚያሳይም ይኑር። አለበለዚያ የማን ግድግዳ እንደሆነ አይታወቅም።

መልስ ካጡ ወደ ከተማው ቤቶች አስተዳደርና ወደ ቅሬታ ሰሚው ይሂዱ። ከዚያም ካለፈ የእንባ ጠባቂ ተቋም አለ፤ አቤቱታ የሚቀበለው ያለ ክፍያ ነው። ፍርድ ቤት የመጨረሻው ነው፤ እዚያም ቢደርሱ መጀመሪያ የሚጠየቁት ያው ማኅተም ያለበት ቅጂ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1772 ተዋዋይ ግዴታውን አልፈጸመም ከማለትዎ በፊት ማስጠንቀቂያ ስጡት ይላል።

ገንዘቡ ይመለሳል ወይ ላሉት፣ ያለ ስምምነት ከጠገናችሁ ለማስመለስ በጣም ይቸግራችኋል። አንቀጽ 1777 አንዱ ወገን አደርገዋለሁ ያለውን ሥራ ካልሠራ፣ ሌላው ወገን በባለዕዳው ወጪ እንዲያሠራው ሊፈቀድለት ይችላል ይላል። ቃሉን ልብ ይበሉ፤ ሊፈቀድለት ነው የሚለው። ፈቃዱ ይቀድማል፣ ሥራው ይከተላል። ሠርተው ጨርሰው ደረሰኝ ይዘው ቢሄዱ በር የሚከፍትልዎ ብዙ አይኖርም።

ብዙ ሰው «ከኪራይ ይታሰብልን» ይላል። በእናንተ ሂሳብ ይህ አይሠራም። ጥገናው 30,000 ብር ፈጀ እንበል። በዓመት 144 ብር ሲቀነስ ከ200 ዓመት በላይ ይወስዳል። እኔ የምመክረው ሌላ ነው፤ ገንዘብ ሳይሆን ዕቃ ይጠይቁ። ቆርቆሮና አጣና ከቢሮው፣ ጉልበት ከእናንተ። ጥሬ ገንዘብ ማውጣት የማይችል ቢሮ ከፈረሰ ቤት የተነሳ ቆርቆሮ ወይም እንጨት ሲሰጥ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ጉልበቱን ደግሞ ወሎ ውስጥ ሆነው አያጡትም። ቅሬያችሁን፣ ማለትም እድራችሁን፣ አማክሩ። ቅሬ ለቀብር ብቻ አይደለም፤ ለአንዲት አሮጊት ግድግዳ ደቦ የሚወጣ ጎረምሳ አይጠፋበትም። ቡናውን እናንተ አፍሉ። የቅሬው ዳኛና ሁለት ጎረቤት ሥራው ከመጀመሩ በፊት ቤቱን አይተው ቢፈርሙ ደግሞ ነገ ከነገ ወዲያ «አስፍታችኋል» ለሚል ሰው ምስክር ይሆናሉ።

ገንዘባችሁን ስላወጣችሁ ቤቱ የእናንተ እንደማይሆንም ይወቁ። ይህን የምለው እንዳያዝኑ ነው። ደረሰኙን ግን አይጣሉ።

አሁን ወደ ቤቱ ልግባ። እኔ በእውነት የምቆረቆረው እዚህ ላይ ነው።

የጭቃ ቤት ደካማ አይደለም። ደሴ ውስጥ ከነገሥታቱ ዘመን የቆሙ የጭቃ ቤቶች አሉ። የጭቃ ቤት ጠላቱ አንድ ነው፤ ውሃ። ከላይ የሚወርደውን ሁሉም ያያል። የሚጥለው ግን ከታች የሚገባው ነው። ደሴ ጦሳ ሥር የተቀመጠች፣ ግቢዋ ሁሉ ተዳፋት የተቆረሰ ከተማ ናት። የጓሮ ግድግዳ አብዛኛውን ጊዜ ፊቱን ወደ ተራራው አዙሮ ይቆማል። በየክረምቱ ጎርፍ አፈር እያመጣ ግድግዳው ሥር ይከምራል። አፈሩ በየዓመቱ አንድ ጣት እየጨመረ በአርባ ዓመት ጉልበት ይደርሳል። የቋሚዎቹ እግር በዚያ እርጥብ አፈር ውስጥ ተቀብሮ ይበሰብሳል፤ ምስጥም ይገባዋል። ከላይ ሲያዩት ግን ግድግዳው ደህና ይመስላል። አንድ ቀን ቋሚው ከታች ይለቃል፣ ማገሩ የጭቃውን ክብደት መሸከም ያቅተዋል፣ ግድግዳው ያብጣል። የእናትዎም ቤት ታሪክ ይህ እንደሚሆን እገምታለሁ።

ይህን ማረጋገጥ ቀላል ነው። ከግድግዳው ሥር አፈሩን በጥንቃቄ በአካፋ ገፋ አድርገው የቋሚውን እግር በቢላ ይውጉት። ቢላው እንደ ቅቤ ከገባ በስብሷል። ግን ከአንድ ቋሚ በላይ በአንዴ አይግለጡ። ያ የተከመረ አፈር ግድግዳውን ደግፎ ይዞት ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ከውስጥ ወራጁን በአጣና ይደግፉ፤ ከውጭም ያበጠውን ቦታ በጣውላና በሰያፍ እንጨት ይያዙት። ከዚያ ነው አፈር የሚነሳው።

ቦዩን ዛሬ ይጀምሩ። ፈቃድ የማይፈልግ፣ ብር የማይፈልግ፣ ከሁሉም የሚበልጥ ሥራ ነው። ከጓሮው ግድግዳ አንድ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ፣ ከላይ የሚመጣውን ጎርፍ ወደ ጎን የሚወስድ ቦይ ይቆፈር። ወደ ጎረቤት ቤት እንዳይፈስ ከጎረቤት ጋር ተነጋገሩ፤ በአንድ ግቢ ስንት ጠብ በዚህ እንደሚጀምር አይቻለሁ። መደዳ ቤት ከሆነ ቦዩ ለሁሉም ነው፤ አብራችሁ ቆፍሩት። ቦይ መጥረግ በልማድ የነዋሪው ሥራ ነው። በእኛ ከተማ ብዙ «ትልቅ ጥገና» የሚባለው ሳይጠረግ ከቆየ ቦይ የመጣ ነው። ባለቤቱ ግዴታውን አለመወጣቱ ያናድዳል፤ ቢሆንም እኛ የምንጠርገውን ሳንጠርግ ቀርተን የእሱን ግዴታ አናብዛው።

ጣሪያውንም ግንቦት ሳያልቅ እዩት። ግን መጀመሪያ ፍሳሽ መሆኑን ያረጋግጡ። ደሴ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው። ኮርኒስ በሌለው ቆርቆሮ ሥር የሰው ትንፋሽና የድስት እንፋሎት ሄዶ ጠል ይሆናል። ጠብታው ዝናብ ባልነበረበት ሌሊት ንጋት ላይ የሚወርድ ከሆነ ቆርቆሮው አልተበሳም። ማታ ትንሽ አየር ማስገባት ይረዳል። ዝናብ ሲመጣ ብቻ ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ሚስማሩ ጋ ነው። ሚስማሩ ይላላል፣ ቀዳዳው ይሰፋል። የላላውን ነቅሎ ወፈር ባለ፣ ጎማ ባለው የቆርቆሮ ሚስማር መተካትና ዙሪያውን በሬንጅ መድፈን ይበቃዋል። ጣሪያ ላይ የሚወጣ ሰው ጣውላ ዘርግቶ ይርገጥ፤ ዝገት የበላው ቆርቆሮ ላይ በባዶው አይረገጥም። አሸንዳ ቢገጠም ደግሞ ከጣሪያ የሚወርደው ውሃ ግድግዳው ሥር መረጨቱን ያቆማል።

ግድግዳው ራሱ ግን ጊዜ ይፈልጋል። ፈቃዱ በዚህ ወር ከወጣ በሰበሰው ቋሚ ፈንታ አዲስ አንድ በአንድ ይተካ። እግሩን የተቃጠለ የመኪና ዘይት ቢቀቡት ምስጥ ይፈራዋል። ከመሬት ትንሽ ከፍ ያለ የድንጋይ እግር ቢሠራለት ይበልጥ ይሻላል፤ ያን ደግሞ በማመልከቻው ይጥቀሱት። ፈቃዱ ከዘገየ ደግፈው፣ ከውጭ በላስቲክ ሸፍነው ክረምቱን ያሳልፉና ጥቅምት ላይ ይሥሩት። እርጥብ ምርጊት ላይ የሐምሌ ዝናብ ከወረደበት ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተረግጦ ለቀናት ይቡካ። የቦካ ጭቃ ሲደርቅ ብዙ አይሰነጠቅም። ይህን ከእናትዎ የተሻለ የሚያውቅ ላይኖር ይችላልና ይጠይቋቸው።

በሲሚንቶ እንለስነው የሚል ሰው አይጠፋም። እባክዎ አይስሙት። ሲሚንቶ ጠንካራ ነው፣ ጭቃ ይሳሳባል። ሁለቱ አብረው አይተነፍሱም። ሲሚንቶው ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ ውሃ ይገባል፣ የገባው ውሃ መውጫ ያጣል፣ ጭቃው ከውስጥ ይበሰብሳል። ከውጭ ነጭና ቆንጆ ሆኖ አንድ ክረምት ሳያልፈው የተንጋለለ ግድግዳ ብዙ አይቻለሁ። ሰው የሌለውን ብር አውጥቶ ቤቱን ሲያሳምም ማየት ልብ ይሰብራል።

ስለ መብራቱም አንድ ቃል። ግድግዳው ረጥቦ ሲነኩት የሚነዝር ከሆነ ቆጣሪው ጋ ያጥፉና ሙያ ያለው ኤሌክትሪሺያን ይጥሩ። ከቆጣሪው ወዲህ ያለው የቤት ውስጥ ገመድ የመብራት ኃይሉ ኃላፊነት አይደለም፤ እነሱን ጠብቃችሁ ቀን አታሳልፉ።

ማመልከቻ ልታስገቡ ስትሄዱ አንድ ነገር ጨምራችሁ ጠይቁ። በቤቱ ፋይል ላይ የቤተሰብ ዝርዝር አለ። አብሯቸው የሚኖር ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ካለ ስሙ እዚያ መኖሩን እዩ። ቤቱን ለሌላ ሰው ማከራየትም አይሞከር፤ አንዲት ክፍል ብትሆንም፣ ለጥገናው ብር ማግኛ ቢሆንም። የቀበሌ ቤት ከሚነጠቅባቸው ምክንያቶች አንዱ እሱ ነው።

አልጋውን ግን ዛሬውኑ ያዙሩት።